ከቦሌ ሚካኤል ወራቤ ስንት ፐርሰንት ነው?

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሰሚት ሁለት ቤት ለካሁ። የአንዱ ሳሎን መስኮት ብቻውን አራት ሜትር ከሃያ። ሚስትየዋ ግራጫ አለች፣ ባልየው ቡኒ አለ፣ እኔ መሃል ቆሜ ሜትሬን ስጠቀልል ስፈታ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ግራጫ ሆነ። ሁሌም ግራጫ ነው የሚሆነው…

ይሄን የምጽፈው የመጋረጃ ልኬት ከምይዝበት ደብተር ጀርባ ላይ ነው። ከፊት የሰው መስኮት፣ ከኋላ የራሴ ጉድ። ሀሩን አይከፍተውም። ባሌ ቁጥር ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል።

ቦሌ ሚካኤል ሱቄ በር ላይ ስደርስ ነጯ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ባትሪዋ 71 ፐርሰንት ላይ ነበረች። ያን ሁሉ መጨናነቅ አልፋ፣ ስድስት ጣቃ ጨርቅ ተሸክማ! ማደያው ጋ የተሰለፉትን መኪኖች ሳይ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ሦስት ዓመቷ ነው እኔ ጋ ከመጣች። በመቀሴና በመርፌዬ የገዛኋት። ከዘመዶቼ መኪና የያዘች ሴት እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ… ይሄንን በየሳምንቱ እንደምጽፈው አውቃለሁ። ልጻፈው፣ ማን ይከለክለኛል?

ምሳ ላይ እማዬ ድንገት፣ «ዘንድሮ አረፋን ቤቴ ብውልስ?» አለች።

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። ዳሌዋ ተሰብሮ ብረት ከገባላት ጀምሮ ሁለት አረፋ እዚህ እኛ ቤት ነው የዋለችው። አምና በሚኒባስ ሞክረን፣ ዓለም ገና ስንደርስ ከሕመሙ ብዛት መናገር አቃታት። አውርደን መለስናት። እናቴን ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። በነጯ ግን ከኋላ እግሯን ዘርግታ ጋደም ብላ መሄድ ትችላለች። አምና በነጯ ያልሞከርነው መንገዱ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ የለም ብለን ፈርተን ነበር። ምን ያስፈራል? ወራቤ 172 ኪሎ ሜትር ነው። የእኔ መኪና አራት መቶ ትሄዳለች!

«በራሴ መኪና ነው የምወስድሽ» አልኳት። «ለሴቶቹ አረፋ አደርስሻለሁ።»

የሴቶቹ ከዋናው አንድ ቀን ይቀድማል። የናፈቃት እሱ ነው፣ ከጎረቤቶቿ ጋር የምትውለው። ሳህኗን ጨረሰች።


ሚያዝያ 10፣ ቅዳሜ

ሀሩን ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ነጯን ይዞ አዳማ ሄዶ አድሮ ነበር። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ገባ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ባትሪሽ ሞቷል።»

«ምን?»

«ሞቷል እኮ ነው የምልሽ። አዳማ ላይ መቶ ሞልቼ ተነሳሁ፣ 62 ይዤ ገባሁ። 38 ፐርሰንት! ለአዳማ!»

ሮጬ ደብተሬን አወጣሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ገና እንደገዛኋት ሰሞን፣ በትልቁ የጻፍኩት አለ፦ «አዳማ 21!!» ሁለት ቃለ አጋኖ። ያኔ ይሄን ቁጥር ያላሳየሁት ሰው የለም። የቤት ኪራይ ሊቀበል የመጣውን ሁሉ አሳይቼዋለሁ።

21 የነበረው 38? እጥፍ ሊሞላው ምን ቀረው?

ሀሩን ስልኩ ላይ መታ መታ አደረገ። «ወራቤ የአዳማ እጥፍ ሊሆን ነው። ሰባ ፐርሰንት ትበላለች ማለት ነው። እዚያ መብራት ቢጠፋ በምን ትመለሻለሽ? እናትሽን አስፋልት ዳር ልታስተኚያቸው ነው?»

ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ።


ሚያዝያ 11፣ እሁድ

አብዱልገኒ መጣ። የሀሩን ጓደኛ፣ የመኪና ደላላ። ነጯን ሁለቴ ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ጎማው ምን አደረገው? የታመመው ባትሪው ነው የተባለው።

«ለኤሌክትሪክ ሦስት ዓመት እርጅና ነው እህቴ። የስልክሽን ባትሪ አታዪም እንዴ? ሦስት ዓመት ሲሞላው ምሳ ሰዓት ላይ ጸጥ!»

«ስልክ ሌላ፣ መኪና ሌላ» አልኩት። ድምፄ ግን እኔንም አላሳመነኝም።

ገዢ አለኝ ብሏል። ሐሙስ ይመጣል። ጭራሽ ሳትወድቅ እንገላገላት፣ በምትኩ ትንሽ የቤንዚን መኪና ይፈለግላችኋል አለ። ሀሩን በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። ትንሿ ውስጥ እማዬ እግሯን የት ትዘረጋለች? ስላቸው፣ ኮንትራት መኪና እንይዝላታለን አለ ሀሩን። በአረፋ ሰሞን? ስልጤ ሁሉ ወደ አገሩ በሚተምበት ሳምንት? ያውም የሚያስተኛ መኪና?

እማዬ መጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሻይ ስወስድላት፣ «ተዪው ልጄ። አላህ እዚህም አለ» አለችኝ። ፈገግ ብላ።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።


ሚያዝያ 12

የሳሊተ ምሕረቷን ደንበኛ መጋረጃ አሥር ሳንቲ ሜትር አሳጥሬ ቆረጥኩት። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራ የመጀመሪያዬ።


ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ያ ረቢ! ያ ረቢ!

ከመጀመሪያው ልጻፍ። አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። አብራኝ የምትሰፋው ሔዋን ጨርቁን፣ እኔ የመጋረጃ ብረቶቹን ይዘን ወጣን። ሦስት ቦታ አረፍን። ሔዋን በየፎቁ «ጌታ ሆይ፣ ጉልበቴን!» ትላለች፣ እኔ መናገሩም አቅቶኛል። ሰቀልን፣ አለካክተን ጨረስን፣ የተረፈውን ጨርቅና አሮጌዎቹን ብረቶች ይዘን መውረድ ጀመርን። ያው ሸክም ነው እንግዲህ። ሔዋን መዝሙር እያዜመች ሁለት ሁለት ደረጃ ትዘላለች።

«እንዲህ ከሆነማ ስምንተኛ ፎቅም እሰቅላለሁ!» አለችኝ።

«ስትወጪ ነበር ይሄን ማለት» ልላት አፌን ከፈትኩ… ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ስትወጪ። ስትወርጂ።

አዳማ ታች ናት! ቆላ! የእኔ 21 ስወርድ ነው። የሀሩን 38 ሲወጣ ነው! ያኔ የአክስቴ ልጅ ቤት አድሬ፣ እዚያው ሞልቼ፣ በማግስቱ ስመለስ ስንት እንደበላች አልጻፍኩም። «አዳማ 21» ብቻ። ስሄድ ይሁን ስመለስ እንኳ አላልኩም። እኔ! ግድግዳ ጠማማ ነው ብዬ የአንድን መስኮት ላይና ታች ለየብቻ የምለካ ሴት! መንገዱን በአንድ በኩል ብቻ ለክቼ ሦስት ዓመት ስፎክርበት ኖርኩ።

«ምን ሆንሽ? እግርሽ ነው?» ሔዋን ደነገጠች።

«አዳማ ታች ናት!»

«አዎ… ታች ናት» አለች፣ ብረቶቹን ከእጄ ቀስ አድርጋ እየተቀበለችኝ።


ሚያዝያ 15፣ ሐሙስ

ገዢው መጣ። አብዱልገኒም። ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። «አትሸጥም» አልኩ። ሰውየው ሀሩንን አየ፣ ሀሩን አብዱልገኒን አየ፣ አብዱልገኒ ጎማውን አየ። ሄዱ።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ ሀሩን። ልክ ነው። አዋርጄዋለሁ። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ከዚያ አስቀምጬ አስረዳሁት። አንተ አቀበቱን ለካህ፣ እኔ ቁልቁለቱን። ሁለቱን አጋጥመን ባትሪው ሞተ አልን።

ጢሙን አከከ። ሲያክ እያሰበ ነው።

«አቀበት አውቃለሁ ይበላል። ግን ይሄን ያህል?»

«እንለካዋ! እሁድ። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። ከሱቁ በር ተነስተን፣ በጠዋት፣ ሁለት ሰው ብቻ፣ በዘጠና፣ ቁልቁል። 21 የነበረው ስንት እንደሆነ እንይ።»

«ከ25 ከበለጠስ?»

«ሽጣት።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

ምን ነካኝ? 26 ቢሆንስ? ለእማዬ አልነገርኳትም።


ሚያዝያ 18፣ እሁድ

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። 100። ሀሩን ከጎኔ፣ ደብተሩ ጭኑ ላይ፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ። ፈተና ተቆጣጣሪ መስሏል። ኤሲ የለም። ወሬ የለም። እኔ ወሬ የለም ስል ይታያችሁ… ለማን ነው የማወራው ግን? ለራሴ ነው እንጂ።

ቢሾፍቱ መውጫ ጋ 10 በልታለች። «ብዙ ነው» አለ። «ዝም በል» አልኩት። ሞጆ ጋ 17። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ላለማየት ብዬ መንገዱን ብቻ አያለሁ፣ ሀሩን ግን አንገቱን አስግጎ ቁጥሩን ብቻ ያያል። አንድ የጭነት መኪና ቀስ ብሎ ከፊታችን ገባ። ዱዓ አደረግሁ፣ አልዋሽም፣ ለባትሪ ዱዓ አደረግሁ።

አዳማ ያኔ የቆምኩበት ቦታ ቆምኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ስንት ነው?»

ደብተሩ ሲገለጥ ይሰማኛል።

«ሀሩን! ስንት ነው?»

«77 አለሽ።»

23! 23 ነው የበላችው! መሪውን እየደበደብኩ ጮህኩ፣ ጥሩምባው ሳላስበው ጮኸ፣ የጀበና ዕቃ የያዘች ሴት ዘወር ብላ ሰደበችኝ። ትስደበኝ! በሦስት ዓመት ከ21 ወደ 23! ሀሩን ስልኩ ላይ አሰላው። ባትሪው 91 ፐርሰንት አለ። ዘጠኝ ብቻ ነው የሄደው። በዓመት ሦስት።

ስንመለስ አቀበቱን ደግሞ ለካን። 34። በዘጠና፣ ባዶ መኪና።

«ያኔ በስንት ነበር የነዳኸው?» አልኩት።

መስኮቱን አየ። «… መቶ ሃያ።»

«ዕቃውስ?»

«ትንሽ ነበር።»

«ሀሩን።»

«እስከ ጣሪያው።»

ቱሉ ዲምቱ እስክንደርስ ሳቅን። «91 ፐርሰንት» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «እኔ ራሴ ከሠርጋችን ወዲህ ይሄን ያህል የቀረኝ አይመስለኝም።»

እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር፣ ምርኩዟን ይዛ። ከፊታችን አነበበችው። «እንግዲያው ነጠላዬ ይታጠብ» አለች።


ግንቦት 3፣ ሰኞ

እማዬን ከኋላ አጋድመን እስከ ላምበረት ወሰድናት፣ ለልምምድ። ትራስ ከጀርባ፣ ትራስ ከጉልበት ሥር። ትንሽ ሄደን፣ «መቼ ነው የምትነሳው?» አለች። መገናኛን አልፈን ነበር! ድምፅ ስለሌላት የቆመች መስሏታል። ሀሩን እስኪያስለው ሳቀ።

አብዱልገኒ ዛሬም፣ «ቡታጅራ ላይ ባትሪ አልቆ ስትቆሙ ደውሉልኝ» ብሏል። እንደውልለታለን።


ግንቦት 16

100። ሦስቴ ወርጄ አየሁት። ሦስቱንም ጊዜ 100።


ግንቦት 17፣ ሰኞ። ወራቤ።

ደረስን! አልሃምዱሊላህ፣ ደረስን!

ከጀሞ እስከ ዓለም ገና መኪናው ሁሉ አገር ለቆ የሚሄድ ነው የሚመስለው። በግ ጣሪያ ላይ፣ ፍራሽ ጣሪያ ላይ። ዓለም ገና ደረስን። አምና ያወረድናት እዚያ ነው። በመስታወቱ አየኋት፣ ዓይኗን ከፍታ ጣሪያውን ታያለች። «አመመሽ?» «ዝም ብለሽ ንጂ» አለችኝ።

ነዳሁ። በሰባ፣ በሰማንያ። አዋሽን ስንወርድ ቁጥሩ ቆሞ ቀረ፣ ስንወጣ ይወርዳል፣ እኔም አብሬው እወርዳለሁ። ጢያ፣ ቡኢ… ቡታጅራ ላይ 66! ሀሩን ለአብዱልገኒ ደወለ። «ቡታጅራ ላይ ቆመናል» አለው። ከዚያ ማዶ ሲደነግጥ ይሰማል። «ሙዝ ልንገዛ» አለው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ወራቤ 54። ግማሹን እንኳ አልበላችም!

ከኮረኮንቹ በኋላ የግቢው በር ሲታይ እማዬ፣ «ቀና አድርጉኝ» አለች። ተኝታ መግባት አልፈለገችም። ሀሩን ከጀርባ ደገፋት። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነው የገባችው። መንደሩ ወጣ። እኔ ከመሪው ኋላ ወርጄ ሳልጨርስ ተከበብኩ። «ማን ነዳት?» «ራህማ!» «ራህማ ነዳች?» አዎ፣ ራህማ ነዳች። አለቀስኩ፣ ተሳቀብኝ፣ ደግሞ አለቀስኩ።


ግንቦት 18

የሴቶቹ አረፋ። እማዬ ከማለዳ ጀምሮ መሃላቸው ናት። በርጩማ አምጥተውላት ቅቤ የጠገበውን አታካና፣ የእንሰት ምግባችንን፣ ራሴ ካልቀመስኩ ብላ ታዛለች። «ጨው!» ትላለች፣ ትልልቆቹ ሴቶች እሺ ይላሉ። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄ ድምፅ አልነበራትም። የት ነበር የተቀመጠው?

መብራት ከትላንት ሌሊት ጀምሮ የለም። የወንድሜ ቤት ሶኬት ላይ ሰክቻት እስኪጠፋ ድረስ ትንሽ ገብቶላታል። 61።


ግንቦት 21፣ ዓርብ

ነገ ነው የምንመለሰው። የእማዬን ሻንጣ ላዘጋጅ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«የእኔን ተዪው።»

«ነገ ነው እኮ የምንሄደው።»

«እናንተ ትሄዳላችሁ።»

እንዴት? አልኩ። ማን ይይዝሻል? መድኃኒቱስ? አምስት ጥያቄ ባንድ ትንፋሽ። የወንድሜ ሚስት አለች አለችኝ፣ ወራቤ ሆስፒታል አለ አለችኝ። ሁሉንም ቀድማ አስባዋለች። መቼ አሰበችው?

«እኔ ቤት አልተመቸሽም?»

እጄን ያዘችኝ። «ተመችቶኛል። ግን የራሴ አይደለም። ዱሮም ለመቅረት እፈልግ ነበር፣ ብቀር አላገኝሽም ብዬ ነው። አሁን መንገዱን አየሁት። ጠዋት ተነሥተሽ ለምሳ ትደርሻለሽ።»

ተናደድኩ። ወጥቼ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ሥቃዩን ሁሉ ያየሁት፣ ደረጃ ላይ የጮህኩት፣ ወላሂ ያልኩት… ላመጣት ነበር እንጂ ልተዋት ነበር?

ሀሩን መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። «ካላመጣሻት ይሄን መምረጥ አትችልም ነበር» አለኝ።

ዛሬም መብራት የለም። 61።


ግንቦት 22

ቤት ገባን። 9 ፐርሰንት። መጨረሻው አቀበት ላይ ሀሩን ጫማውን አወለቀ፣ ክብደት ልቀንስ ብሎ። ሳቅኩ። ከዚያ በመስታወቱ የኋላውን ወንበር አየሁ፣ ሁለቱ ትራሶች ብቻ።


ሰኔ 5፣ ዓርብ

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ብቻዬን! 46 መሄጃ፣ 51 መመለሻ። አሁን ሁለቱንም እጽፋለሁ። አብዱልገኒ ደግሞ ዛሬ ሱቄ መጥቶ፣ «አንቺ፣ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ስገዛ እንዴት ነው ባትሪውን የምለካው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሻይ አስገዝቼው ደብተሬን ከፍቼ አስተማርኩት። ቁጥሮቹን ብቻ አሳየሁት፣ ጉዴን በእጄ ሸፍኜ።

ከሰዓት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ለራሴ አሰላሁ። በዓመት ሦስት ፐርሰንት ከሄደ፣ ለወራቤ ደግሞ ባትሪው እስከ 55 ቢወርድ እንኳ ሳልሰጋ ከደረስኩ… ከ91 እስከ 55። 36 ለሦስት ሲካፈል አሥራ ሁለት።

አሥራ ሁለት ዓመት! ብድግ አልኩ። ሔዋንን አቀፍኳት፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አቀፈችኝ። ወዲያው ለእማዬ ደወልኩላት።

«እማዬ! ነጯ ገና አሥራ ሁለት ዓመት አንቺ ጋ ታመላልሰኛለች! አሰላሁት!»

ዶሮ ይሰማል፣ ሰው ያወራል። እማዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ይበቃኛል» አለች።

«እኔን ግን አይበቃኝም፣ እማዬ።» ያልኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ወራቤ ልሄድ ያሰብኩት በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ለሀሩን ነገርኩት፣ እሱ ራሱ ወርዶ ሶኬቱን ሰካ። ነገ በጠዋት እሄዳለሁ።